ድርብ ሰረዝ

በሁለት ራዲዮ ጥገና ዋጋ፣ ታይዋን ገበያ ገዛኋት፤
ከክብሪት ቀፎ ብዙ አትበልጥም፣ በሸሚዝ ኪሴ ያዝኳት።
ሠላሳ ዓመት መጋላ ላይ፣ ራዲዮ ስፈታ ስገጥም፤
ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን ካየሁ፣ ኦሙን ከሜትር አልጠይቅም።
ዛሬ ግን በዚች አረንጓዴ ጠፍጣፋ ፊት
እግሮቿን ቆጠርኩ፦ ሃያ ስምንት፤
ቋንቋዋን ግን የማላውቅላት።

የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዋ የሳህራ ልጅ፣ ኢፍራህ፣ አሥረኛ ክፍል ናት፤
ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀትና በጫት
ጋደም ሲል፣ ላፕቶፗን ታቅፋ ትመጣለች።
"ልሳኑ፣ አንተ፣ ቁጭ በል" ትላለች።

የመጀመሪያዋን መስመር ጻፍኩ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየለቀምኩ።
"በድርብ ሰረዝ ዝጋው" አለች።
እኔም ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሬ፣
የኔታ ጆሮዬን ቆንጥጠው ያስተማሩኝን አኖርኩ፣ አሳምሬ።
ስክሪኑ በቀይ ጮኸብኝ።
ኢፍራህ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ።
"ይሄማ ያንተ ነው! የሷ ሌላ ነው፤
ነጥብ ነው፣ ከሥሩ ጭራ ያለው።"

አብራ። ጠብቅ። አጥፋ። ጠብቅ።
ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለበትም ረቂቅ።
እሷም እንደ ድሬ ልጅ ናት፣ አታውቅም አንቱታ፤
እባክሽን አትፈልግም፣ አይገባትም ይሉኝታ።
ያልኳትን እንጂ ያሰብኩትን አትሠራም፤
እንደ ሚስቴ ፊቴን አይታ አትረዳኝም።

አንዴ "ጠብቅ"ን ረሳሁት።
መብራቷ ፈዘዝ ብላ ቆመች፤ "ተበላሸች" አልኩኝ፣ ብረት ማቅለጫዬን አነሳሁት።
"ተው! እየበራች እየጠፋች ነው፣ በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ፤
የዘገየውስ ያንተ ዓይን ነው" አለችኝ፣ በዚያ በስስ ትካዜ
ልጆች ለሽማግሌ በሚያዝኑት።

ጠብቅን መለስኩ። ጭራዋን አሰርኩ።
ባቄላ የማታህል ብርሃን፣ በራች።
ጠፋች።
በራች።
የባጃጁ ሙክታር በበሩ አንገቱን አስግጎ፣
"ሠላሳ ዓመት ሠርተህ ሠርተህ፣ አምፖል ማብራት ዛሬ ቻልክ?" አለ፣ ምራቁን ጢቅ አድርጎ።

"ቀጥሎስ?" አለች ኢፍራህ።
አልመለስኩም። ግድግዳውን አሳየኋት፤
ደረቴ ልክ ላይ ያለችውን ቡናማ መስመር፣ ስቀባ የምዘላትን፣
ያኔ ደቻቱ ሲመጣ በጭቃ ጣቱ ያሰመራትን።
እሷ አልተወለደችም ነበር።
እዚህ ያን ሌሊት ኮከብ ነበር፤
ዝናቡ እላይ ነው የዘነበው፣ ደንገጎ ማዶ፣ ተራራው ላይ፤
አንድም ሰው፣ አንድም ነገር አልነገረንም
ውሃው ራሱ በር እስኪያንኳኳ፣ ከጎረቤቴ አልጋ ጋር።

ኢፍራህ መስመሯን በመዳፏ ለካች። ዝም አለች።
ከዚያ ደብተሯን ገልጣ፣
"ሁለት ሽቦ፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ አንድ ጡሩምባ" ብላ ጻፈች።
"ለነገ" አለች።

ማታ ሱቄን ስቆልፍ፣ በመዝጊያው ስንጥቅ አጮለቅሁ።
ከሞተ ሬዲዮ ባወጣሁት ባትሪ፣ ጨለማው ውስጥ፣
አብራ። ጠብቅ። አጥፋ። ጠብቅ።
"ደግመሽ ደጋግመሽ" ብያታለሁ እንጂ
"በቃ" የሚለውን ቃል ገና አልተማርኩም፤