አዋሳኝ

ቀያሹ ልጅ መጣ፣ ሜትሩን አንጠልጥሎ፣
ቅጹን ጉልበቱ ላይ በካርቶን ደልድሎ።
«አባባ፣ በምሥራቅ አዋሳኝዎ ማነው?»
«ውሃ» አልኩት።
«ውሃ ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው የምጽፈው።»

ታዲያ ምን ልበለው?
መስከረም ላይ ጣና እዚች ደረጃ ድረስ ይመጣል፣
ዝገት ካሰመረው መስመር ላይ ይቀመጣል፤
ግንቦት ሲገባ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ሸሽቶ
ጥቁሩን ድንጋይ እንደ ድድ አሳይቶን ይሄዳል።
በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት የሚለቅ ጎረቤት
በየትኛው ማኅተም፣ በየትኛው ፊርማ ይያዛል?

ልጄ፣ ይሄ ደሴት ነበር። ስሙ የጉማሬ ጀርባ።
ስም ያወጡለት ደንገል አጫጆች ናቸው፣ የነእንድሪስ ቅድመ አያቶች፤
በጭጋግ ሲቀዝፉ ጉማሬ መስሏቸው
ትንፋሻቸውን ውጠው ዞረውት አለፉ።
በማግስቱም ዞሩት።
በሦስተኛው ቀን ሣር እንደበቀለበት አዩና
እየተሳሳቁ ወጡበት።

ከዚያ ጣልያን መጣ፣ በርሜል ደረደረ፣
ከድንጋዩ ግንባር ሰባት ቁጥር ጽፎ በዚያው ተሰወረ።
አንድ እስከ ስድስት የት እንዳሉ ግን
እስከ ዛሬ ማንም አልነገረን።

የጀልባ መጎተቻ ሀዲድ ተዘረጋ፤
ማዶ ባሕር ዳር ፋብሪካው ሲያፏጭ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣
እኛም መዶሻችንን እናነሳለን።
ሃያ ሦስት ዓመት የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ወገቤ ላይ ነበር፦
ብሎን፣ ቅባት፣ ሬንጅ፣ የበያጅ መነጽር።
በያጁ ምንይችል፣ ብልጭታ እየበላበት፣
በግራ ጉንጩ ጢም በቅሎበት አያውቅም።
ጥሩዓለም ደግሞ የጀልባ ስም ጻፊ፤ ፊደል አልቆጠረችም፣
ከወረቀት ላይ እንደ ሥዕል ትገለብጣለች።
አንዴ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ሰጧት፣
ዘቅዝቃ ጻፈችው፣
ጀልባው ዓመት ሙሉ ስሙ ተዘቅዝቆ ደቅና ጎርጎራ ተመላለሰ።
«ምናለበት» ትለን ነበር፣ «ውሃው ውስጥ እዩት፣ ቀና ብሏል።»

አብዮቱ ሲመጣ «ጥገና ክፍል ሁለት» ተባልን።
ክፍል አንድ አልነበረም።
ቅዳሜ ቅዳሜ በዘመቻ ድንጋይ ተሸክመን
ደሴቱን ከየብሱ ጋር ሰፋነው፣
በጠማማ ስፌት፣ ዛሬ አንተ በመጣህበት መንገድ።
የመጨረሻው ድንጋይ እንዳረፈ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ
መጀመሪያ የተሻገረችው የቀበሌው ውሻ ናት።
ከዚያ ፍየል፣ ከዚያ ሊቀመንበር፣ ከዚያ ሌባ።
ቁልፌን የምር ማዞር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

«እሺ አባባ፣ በሰሜንስ?»
በሰሜን እንድሪስ አለ። ማለቴ ታንኳው፣
ውሃ ጠጥቶ ከብዶ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚደርቀው።
ጥቂት ወር ዕድሜ ያለው ጎረቤት ይጻፋል?
ልጁ ሳቀ። አልጻፈም።

በምዕራብ በኩል እምቦጩ ተኝቷል፣
አረንጓዴ፣ አበባው ሐምራዊ፣ ሜዳ የሚመስል።
ልጁ ሜትሩን ይዞ ወደዚያ ሊረግጥ ሲል
ክንዱን ያዝኩት።
«መሬት መስሎኝ!» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።
አይፈረድበትም። እዚህ ቦታ ላይ
ድንጋዩ አውሬ፣ ውሃው ሣር እየመሰለ
ስንቱን አታሏል።

ሀዲዱን ቆርጠው ለቆራሌ ከሸጡት ወዲህ
ምንይችልም የለ፤ ጥሩዓለምም ልጇ ጋ ዳንግላ ገባች።
የኔ ማስረጃ ይሄ ቁልፍ ነው፤ በሩ ከተወሰደ ቆየ።

ልጁ ሰዓቱን አየ። ብዕሩን ነከሰ።
«በምሥራቅ» አለ እየጻፈ፣ «ክፍት ቦታ።»
ክፍት ቦታ።
ዝም አልኩ።
ከዘጌ የምትመለሰው ጀልባ አልፋ ሄዳ፣ ድምጿ ከጠፋ በኋላ
ማዕበሏ ደረሰና
ክፍት ቦታው
ደረጃዬን ሁለቴ መታው።