ዓይናቸውን እስኪገልጡ

በዱቄት ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ቆጥሬ፣
ሰባት ቀን ፈቀዱልኝ። ወዴት ልሂድ? ቀረሁ ሐዋሳ፣ ሰፈሬ።

ሰኞ ጠዋት
ከአልጋዬ ሥር ካርቶኑን ሳብኩት፤
የወንድሜ መጻሕፍት ናቸው፣
ሦስት ዓመት በፕላስተር እንደታሸጉ የተውኳቸው።
«ፓስታ» ይላል ጎኑ። ውስጡ ግን መርከበኛ፣ ንብ አርቢ፣ ዳኛ፣
ሽፋኑ የወለቀ የፍቅር ታሪክ፣ የወፎች ስም ዝርዝር፣
ደግሞም እኔን የቀደመ አንባቢ፣ ትጉህና ጥርሰኛ፦
አይጥ።

የመርከበኛውን መጨረሻ፣ ሃያ ገጽ ያህል፣ ሙልጭ አድርጎ በልቶት፣
ሰውየው የብስ ይግባ ይስጠም የሚያውቅ እሱ ብቻ፣ በሆዱ ይዞት።

አከራዬ እትዬ ጥሩሰው በር ላይ ቆመው፣ «መርዝ አለኝ» አሉ፣ «ልስጥህ?»
«መርዝስ ይቅር፤ ድመት ነው የማስበው።»
«ድመት? ኪራይ ልጨምርብህ?»

ማክሰኞ አሞራ ገደል ወረድኩ፤ ዓሣ ባለበት ድመት አይጠፋም።
ዱካሞ ቢላዋውን ሳያቆም፣
«ከመረቡ ክምር ጀርባ አራት አሉ። እንዳትነካ፤ እናትየዋ አትቀልድም።»

አየኋቸው። ቡጢዬን አያክሉም፤
ጆሯቸው ከአናታቸው ጋር ተጣብቋል፣
ዓይናቸው እንደ ካርቶኔ፣ በፕላስተር የታሸገ ይመስላል።
«መች ይገልጣሉ?»
«እሑድ ግድም።»
«መችስ ልውሰድ? ሁለቱን ነው የምፈልገው፣ ግራጫዋንና ያንን እግረ ነጩን።»
«ጡት ሲተዉ ነዋ፣ ወር ከምናምን።
ቤትህ ምን አለ?»
«መጽሐፍ።»
«እና ምን ሊበሉ? ወረቀቱን?»

መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አሰብኩት፦
ካርቶኑ አልጋቸው ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ባዶ ይሁን፤
ያልተነበበ ግን አይወጣም። ሕግ ነው፣ አጸደቅሁት።

በዚያው ሌሊት ንብ አርቢውን ጀመርኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ወንድሜ በእርሳስ አስምሯል፦
ቀፎውን ጥቂት ክንድ ብታርቀው፣ ንቧ የድሮው ቦታ ተመልሳ ባዶ አየር ትዞራለች፣ ይላል።
ከጎኑ፣ በዚያ በተጋደመ ጽሕፈቱ፦
«ይህን ለምስክር።»

ምስክር እኔ ነኝ።
አልነገረኝም።

ረቡዕ የዳኛው ነበር። ሰለቸኝ፤ ገጽ ዘለልኩ፤ ማን አየኝ?

ሐሙስ ብወርድ መረቡ የለም፤ ድመቶቹም የሉም።
አባ ኮዳዎቹ በራሰ በራ አናታቸው
ገንዘብ እንደጠፋበት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ቆመዋል፣ ዝም።
ሰደብኳቸው። ጠጠር አነሳሁ።
ዱካሞ ሳቀብኝ፦ «አዛውራቸው ነው እኮ፣ እዚያ፣ የተሰበረችው ጀልባ ውስጥ ናቸው!»
አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ድመት ባዛወረች አሞራ ወቀስኩ።
ወደ ጀልባዋ ግን ወዲያው አልሄድኩም፤
መረቡ በነበረበት፣ እርጥብ አሸዋው ላይ፣
ትንሽ ዞርኩ።

ዓርብ መብራት ጠፋ። የፍቅሩን ታሪክ በስልኬ ብርሃን ጨረስኩ፤
ተጋቡ። አላመንኳቸውም፤ ቢሆንም ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ደግሜ ጨረፍታ ገለጥኩ።
ቅዳሜ እትዬ ጥሩሰው የተተለተለ ሹራብ አምጥተው፣ ወንበር ላይ ጣል አድርገው፣
«ለዚያ… ለምትለው ነገር» ብለው ወጡ።
ኪራዩን አላነሱትም፤ እኔም አላነሳሁባቸው።

እሑድ ሦስቱ ገልጠዋል። ግራጫዋ በአንድ ዓይኗ ብቻ።
ቀለሙ? ሰማያዊ፣ ግን ጭጋግ የገባበት፣
ሐይቁ ከታቦር ኮረብታ ላይ በማለዳ እንደሚታይበት።
ምን እንዳየች እንጃ፤ የዱካሞን ቦት ጫማ ይሆናል፣ እኔን ይሆናል፣
ብቻ አንገቷ አልጸና ብሎ፣ እንቅልፍ እንዳሸነፈው ዘበኛ፣ ወደቀ።

ነገ ሥራ ነው። ሹራቡ ካርቶኑ ውስጥ ተነጥፏል፤
መጻሕፍቱ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቆመዋል፤
ወፎቹን አልጨረስኳቸውም፤ ሕጉ ተጥሷል።
መርከበኛው ማዕበሉ መሐል፣ ከወገቡ በላይ በተበላ ገጽ ላይ፣
«መሬ—» እንዳለ ቀርቷል።

እኩለ ሌሊት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሲቦረቡር ሰማሁት።
መብራት አላበራሁም።
«ወር ከምናምን አለህ» አልኩት፣
«እስከዚያ ንገረኝ እንጂ፤
ደረሰ?»