ከስምንተኛው ሥዕል ጀርባ

ከውጭ ለሚያያት መጋዘን ትመስላለች፤
ደወል አልሰቀለች፣ ጉልላት አልጫነች፤
መስቀሏን ከውስጥ ነው በደረቷ ያኖረች፣
እንደ ጨዋ ጎረቤት ድምፅዋን የቀነሰች።

ማናማ ነው ቦታው፣ ከጨርቅ ተራው በስተኋላ።
ልለስን መጣሁ እንጂ ልሳለም አይደለም፤
ኮንትራቱ ስለ ጸሎት አንዲት ቃል የለውም።
አሮጌውን ኖራ በመሮ ስፈቀፍቅ፣
ባሕር የወለደው ድንጋይ አለ ብቅ፤
ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ልክ እንደ ማር ሰፈፍ፣
ዛጎል የተኛበት በየሽንቁሩ አፍ።
ጣቴን ላስኩት፤ ጨው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን
በግንብ ታሽጎ እንኳ ባሕርነቱን
አልተወም።

ካየታኖ መጣ፣ ቁልፍ እያንቃጨለ፤
የጎዋው ሽማግሌ ከመሰላሌ ሥር ቆሞ እንዲህ አለ፦
«ዕንቁ የረከሰ ዓመት፣ ጠላቂው ሲቸግረው፣
ድንጋይ አወጣ ከባሕር፣ በአህያ ጭኖ ሸጠው።
ያወጣው ሙስሊም ነው፣ የካበው ሂንዱ፣
የጸለየው የእኛ ሰው፤ ግድግዳው ግን ያው አንዱ።»
እውነቱን እንጃ፤ ሽማግሌ ያጋንናል።
ወራጁን ግን አየሁት፤ እሱስ ከእኛ ማዶ፣
ከአፍሪካ ጠረፍ ነው፣ በሸራ ጀልባ ነጉዶ፤
ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ከፊል፤
ፓስፖርቱን ሳይቀሙት ይኸው ጣሪያ ይሸከማል።

ኢንጂነር ቫርጊስ ግን ለታሪክ ጊዜ የለው፤
«ሐሙስ ማታ ይጠናቀቅ፣ ዓርብ ቅዳሴ ነው፤
እብነ በረድ ታዟል፣ ለጋሹም ከፍሏል፤
ድንጋይ የሚታይበት ምን ቤት ነው? ይሸፈናል።»
ካየታኖ ጠጋ አለ፤ በጆሮዬ፦ «አንድ ክንድ።
አንድ ክንድ ብቻ ተውልኝ።»
አይሆንም አልኩት። ደሞዝ አለ፣
መኖሪያ ፈቃድ አለ።

ረቡዕ ሌሊት አባቴ ትዝ አለኝ፣ በእምድብር፣
የሚሲዮኑን ቤት ሲመርግ፣ ጭቃውን በጭድ ሲያጠነክር፤
ከመሠዊያው ኋላ፣ ማንም ከማያየው፣
መዳፉን ደግፎ ጭቃው ላይ ተወው።
ሲሚንቶ ሲመጣ፣ «አደገ» ሲባል ደብሩ፣
አባቴን ለሰኑት፣ መዳፉን ከነጥፍሩ።

ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል። አሥራ አራቱ ሥዕሎች
ወለሉ ላይ ቆመዋል እንደ ሰልፈኞች።
ስምንተኛውን ያዝኩ፤ ሴቶቹ የሚያለቅሱበትን፣
እርሱ ዞር ብሎ «ለራሳችሁ» ያላቸውን።
ልኩን ለካሁ፤ አንድ ክንድ ከስንዝር፤
ልስኑን በዙሪያው አቆምኩት፣ እንደ ወሰን፣ እንደ አጥር፤
ሥዕሉን ሰቀልኩበት።

ዓርብ ሞላች ቤቲቱ፦ ማኒላ፣ ኬረላ፣ ኢሮብ፤
ኤሲው ከመዘምራኑ ጋር ይከራከራል።
ለታይ የምትባል፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት የተፈቀደላት፣
መቆም ሲደክማት ግንቡን ተደገፈች፤
ሥዕሉ ዘመመ። ልታቀናው ስትል ጣቷ ከኋላ ገባ።
ጣቷን አየችው። ምንም አላለች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ከሴቶቹ እግር ሥር፣
ነጭ የጨው መስመር ወረደ እንደ ክር።
ቫርጊስ «እርጥበት ነው፣ የልስን ጉድለት» ብሎ ጻፈ፤
ካየታኖ ቁልፉን እየቆጠረ በአጠገቤ አለፈ።
ከደሞዜ የሁለት ቀን ቆረጡ።
ይቁረጡ።