ብር ላይ ያረፈችው

ጆሮዬን መዶሻው ከወሰደው ወዲህ፣
ከንፈር ነው የማየው፤ ንገረኝ ቀስ ብለህ።
አገሬ ሜታፖንቶን፣ ባሕር ዳር፣ ገብስ አገር፣
ብራችን ላይ ሁሌም ዛላ ነው የሚኖር።
ሌላው ጉጉት ይወዳል፣ ሌላው ኤሊ ያትማል፣
አንዱ ሸርጣን ይዞ ገበያ ይውላል፤
እኛ ግን ገብስ ነን። በልተን ነው ያደግነው፣
መቅደሱንም በሱ፣ ግንቡንም የሠራነው።

ላምፒስ ነው ቀራጩ። የማኅተም ብረት ላይ
አጎንብሶ ይውላል ፀሐይ እንኳ ሳያይ።
እያንዳንዷን ፍሬ ጎድጉዶ ይተክላል፤
እሱ የቀበረው በኔ ምት ይበቅላል።
ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ጉድጓዱም ጉብታ፤
ይህን ልብ ሳልለው ኖርኩኝ ስመታ።

ያን ዓመት ግን መጣ ከባሕሩ ማዶ፣
ነፋስ ያመጣው ጭፍራ፤ አላስቀረም ነዶ።
ድምፁን አልሰማሁም። ያየሁት ሚርታሌን፣
ከደጃፉ ቆማ፣ አፏ «አለቀልን!»
ገለባ እንኳ የለም። አውድማው ባዶ ነው።
ልጆች አንበጣውን በእንጨት እያሳደው
ጠብሰው ይበሉ ነበር፤
ምን ይደረግ፣ ያው የኛው ገብስ ነው፣
በሌላ ሆድ የዞረ።

ሹማምንቱ መጡ። «ዛላው ይወፍር» አሉ፣
«ባለ መርከቦቹ ዋጋ ይጨምራሉ።
ፍሬው ጢም ብሎ ይታይ፤
ረሃብ እንዳይነበብ በከተማው ብር ላይ።»

ላምፒስ አወፈረው። እንደታዘዘው ነው።
ሆዱ እየጮኸበት (ይህን እሱ ነው የነገረኝ)።
የመጀመሪያው ብር ከማኅተሙ ሲወጣ፣
ገና እጅ ሲያቃጥል፣
ቅጠሉ ላይ አለች አንዲት አንበጣ፣
ከሰሊጥ የማትበልጥ፤
እግሯን የሰበሰበች፣ ልትሄድ ሳይሆን ልትቀመጥ።

ቀና ብዬ አየሁት።
ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

ሹሙ ሚዛን አየ፤ ክብደቱ ልክ ነው።
ነጋዴው ነከሰው፤ ጥርሱን አሳመነው።
ዛላዋን ማን ቆጥሮ፣ ቅጠሉን ማን አይቶ!
ገብስ ያለበት ብር ለገብስ ተሰጥቶ
ጀልባው ተራገፈ፣ ወፍጮው ዞረ ማታ።
እርሻችንን በልታ፣
ከመስካችን ላይ ብር ብላ የሄደች፣
እነሆ ተመልሳ ብር ላይ አረፈች።

እኔማ ምን ላርግ፣ ሥራዬ መምታት ነው።
እስከ ወይን ለቀማ ሦስት ሺህ ጊዜ መታኋት፤
አልሞተችም።
አንዳንድ ሌሊት፣ በዚህ በደነቆረ ጆሮዬ፣
ክንፏ ይሰማኛል።