ዐሥረኛዋ ሰው

ማናማ፣ ጉዴቢያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ሚስ ሼርሊ ጠመኔ ይዛ «ምዕራፍ ሰባት» አለች፤
«ጋብቻ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረች።

«ቋጠሮዋን አሠረች» ፍቺው «አገባች» ነው።
ትርንጎ በሣቅ ፈረሰች፦ «ጋብቻን በፍቺ ነው የምንማረው?
ቋጠሮማ እኛም ጋ፣ ብር ነው የምንቋጥር፣
በመቀነት ጫፍ ላይ፣ ለክፉ ቀን ሚስጥር።»

«እግሯ ቀዘቀዘ» ማለት፣ ሠርጉ ሲደርስ ፈራች።
አርባ ስድስት ዲግሪ! ሐያት ጫማዋን አየች፤
ሬንጅ ቀልጦ ተጣብቋል ከተረከዙ ላይ፣
«እዚህ አገር» አለች «እግር ይቀዘቅዛል ወይ?»

«የተሻለው ግማሽ» ደግሞ የትዳር ጓደኛ ነው አሉ፤
ከደሞዜ የተሻለው ግማሽ ሐርቡ ነው ያለው በሙሉ።

«እጇን ጠየቀ» ማለት፣ «ላግባሽ» አላት ማለት።
እጄን ገልብጬ አየሁት፤ በረኪና የላሰው መዳፍ፣ የሚያሳክክ ሌት ሌት።
የጣቴን አሻራ ስልኬ እንኳ አያምንም፤
ሦስት ጊዜ ብነካው «አላውቅሽም» እንጂ «ግቢ» አይለኝም።
ይህን እጅ ነው እንግዲህ አሊጋዝ የጠየቀው፣
ሐርቡ ላይ ተቀምጦ፣ በፎቶ የሚያውቀው።

ከዕረፍት በኋላ የሕዝብ አስተያየት መጣ፣
ባለ አምስት ሣጥን መጠይቅ ከፋይሏ ወጣ፤
«በጣም እስማማለሁ» ከዳር፣ «በጣም አልስማማም» ከዳር፣
መሐል ላይ የቀረው ሰው «የተቀመጠ ነው ባጥር»።
የማዳምን አጥር አሰብኩ፣ ጫፉ ሹል ብረት ነው፤
እዚያ ላይ ተቀምጦ የሚያስብስ ማነው?

የቤት ሥራ፦ «ዐሥር ሰው ጠይቁ። ትዳር
በፍቅር ይሻላል፣ ወይስ በዘመድ ምክር?»

ሾፌሩ ሪያዝ «እኔን» አለ «የጠየቀኝ የለም፣
ልጄ ሲወለድ ነው ያወቅኋት፣ አልዋሽም።»
ጆስሊን ከጎረቤት ሁለቱንም ሞላች።
ማዳም «ለምንሽ ነው?» ብላ ተቆጣች፤
ቆይታ ግን ሻይዋን፣ ያለ ስኳር አማስላ፣
በሩን አየችና «በፍቅር» አለች፣ ቀስ ብላ።
ጋዝ አመላላሹ፣ ዘበኛው፣ የባቃላው ልጅ ታከሉ፤
እንዲህ እንዲህ ብሎ ዘጠኝ ሰዎች ሞሉ።

ሌሊት አባቴ ደወለ። «ሽማግሌ መጣ።
አጎትሽ ተጠየቀ፣ ምንም እንከን አላወጣ።
ሼህ ይመር ዱዓ አደረገ፣ የቅሬው ሰው፣ ጎረቤቱ፣
ዘጠኙም ‹ይሁን› አሉ፣ ወንዱም ሴቱ።»
«እኔስ፣ አባ?» ልል ስል፣
ካርዱ አለቀበት።

ቁጭ አልኩ ካውያው አጠገብ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ።
እንግሊዝኛው «ዩ» ይለኛል፤ አንቺም አይል፣ እርስዎም፣
ለማዳምም «ዩ» ነው፤ ለእኔ ብሎ አላነሰም።
«ከመቶ ሦስት» ብላለች ሚስ ሼርሊ «ስሕተት ይኖራል፤
ቁጥር ሁሉ ከጎኑ ለጥርጣሬ ህዳግ ይተዋል።»
ዐሥረኛው መስመር ላይ ስሜን አሰፈርኩ፦
ዘሀራ እንድሪስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።
አምስቱን ሣጥን አልፌ ህዳጉ ላይ ደረስኩኝ፤
በአማርኛ ጻፍኩ፦ «መጀመሪያ ጠይቁኝ።»

አርብ ሚስ ሼርሊ መነጽሯን አስጠግታ
«ምን ይላል?» አለችኝ፣ ፊደሌን በጣቷ ነክታ።
«ፈሊጥ ነው» አልኳት።
«የአገራችን ፈሊጥ። ገና ያልተለመደ።»