ሦስት ሌሊት ከአራት ቀን

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጉዞ ሳቅድ፣
ከጆድፑር ጣቢያ ፊት፣ በጠባቧ መንገድ፣
ማራገቢያው ሲንቋቋ፣ ባንዲት ጠረጴዛ፣
የሰው ዕረፍት ስሸጥ፣ የሰው ምኞት ስገዛ፣
«ሮዟን ከተማ ሰኞ፣ ነጯን ሐይቅ ዳር ረቡዕ፣
ወርቃማዋን ለእሑድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ» እያልኩ፣
ቀለም እንደሚሸጥ ሰው ከተማ ደረደርኩ።
እኔ ግን፣ ምን ልደብቅ፣ ከፓሊ ወዲያ አላለፍኩ፤
እሱም ለአክስቴ ለቅሶ፣ በሽንኩርት መኪና ነበር፤
መስኮት አልነበረውም፤ ምን አይቼ ልናገር።

ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ፈረንጅ በጠፋ ሰሞን፣
ከዝንብ በቀር ደንበኛ ዝር ሳይል በቢሮአችን፣
ሱግኒ የምሳ ሣህኔን ልትወስድ መጣች፤
ሣህኑን ትታ፣ ከደንበኛው ወንበር ተቀመጠች።
ባሥራ ስምንት ዓመት ትዳር እዚያ ወንበር ላይ
ቁጭ ብላ አታውቅም፤ እኔም በይ አላልኳት፤ ሰው ሲዘነጋ።
«ፑክራጅ፣ ለእኔም ጻፍልኝ» አለች፣ የሻሿን ጫፍ ሳብ አድርጋ፤
«ሦስት ሌሊት ከአራት ቀን። ለሁለት ሰው። በቅናሽ ዋጋ።»

ሳቄን ዋጥኩና፣ እንደ ወጉ፣ ብዕሬን አነሣሁ፤
«እመቤቴ፣ ምን ያምርዎት?» ብዬ ጠየቅሁ።

ቀን አንድ፣ ኡዳይፑር፣ ሐይቁ ላይ፣ በጀልባ።
«ጀልባው ይቅር። ውኃ ከዳር ቢያዩትም ውኃ ነው።»
ሰረዝኩ።
ቀን ሁለት፣ አሸዋ ላይ፣ በግመል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።
«በግመል ጀርባ ነው ያደግኩት፤ ካላመንክ ወገቤን ጠይቅ።»
ሰረዝኩ።
ቀን ሦስት ብዬ ሳልጨርስ ጣቷን ዘረጋች ወደ ግድግዳው፣
ወዳረጀው ፖስተር፣ ጥጉን ምስጥ ወደ በላው፦
ኮረብታ ላይ ምሽግ፣ በምሽጉ ውስጥ ቤተ መንግሥት፣
በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ነጭ አዳራሽ።
«እዚህ» አለች። «እዚህ ብቻ። ቀኑን በሙሉ።»

«ከዚህ ሁሉ ምሽግ፣ ምነው ይህንኑ?»

«ይሄ ግድግዳ የእኔ ነው፤ ከመስኮቱ እስከ ምሰሶው፤
ሳላገባህ፣ ገና ልጅ፣ ከእናቴ ጋር ያደስነው።
ኖራው ዓመት ሙሉ ውኃ ጠጥቶ፣ በእርጎ ታሽቶ፣
በለስላሳ ድንጋይ ስንፈትገው፣ መሽቶ ነግቶ፣
የገዛ ፊታችንን እስኪያሳየን። ያኔ ነው «በቃ ሂዱ» የሚሉን።
በጓሮ በር ነበር የምንገባ፣ ዐመድ በሚደፋበት፤
ጎብኚ ከመጣ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ እንደ ሌባ፣ ትንፋሽ የምንውጥበት።
የፊቱን በር አላውቀውም። ዝሆን እንዳይገፋው ሾህ የተተከለበትን፣
ሰው ሁሉ ተደግፎ ፎቶ የሚነሣበትን።
በእሱ ነው የምገባ። ትኬቴን ይቅደዱልኝ፤
ከዚያ ወዲያ ሌላ ምንም አታሳየኝ።»

ዝም አልኩ። በዚሁ ብዕር ስንት ጊዜ ጽፌ ኖሯል፣
«አዳራሹን ልዑሉ ሠራው፤ ግድግዳው እንደ ዕንቁ ያበራል።»
ልዑሉ ኖራ ሲያሽ ማን አየው?
ጣቷን አየሁት። አሻራ የለውም፤ ኖራው ልጦታል፤
የራሽን መስጫው ማሽን «አላውቅሽም» ብሎ ሁለቴ መልሷታል።
ያን ቀን በማሽኑ ነበር የተናደድኩት።

የባቡሩን ሰዓት ጻፍኩ። ማደሪያ፦ የተሳላሚዎች ቤት፤
ብርድ ልብሱን ከራሳችን፣ ቂጣውም ከቤት።
«አስጎብኚ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘች፤
«አስጎብኚማ እኔ አለሁ» አለች፤
«የቱ ጋ እንደ ተሰነጠቀ፣ የቱ ጋ እናቴ አስነጥሷት
ድንጋዩ እንዳዳለጣት፣
አሳይሃለሁ። ጭረቱ፣ ጎንበስ ካላልክ፣ አይታይም።»

ከዚያ ሣህኑን አነሣች፤ ተነሥታም አልሄደች።
«የፊቱ በር መግቢያ፣ ለሁለት፣ ስንት ነው?»
ነገርኳት።
የሣህኑን ክዳን ከፈተች፤ ዘጋች።
«ውድ ነው» አለች።
የነገርኳት ግማሹን ነበር።