ኮርማ አርባ አንድ

ጡረታዬ ደርሶ ቁልፍ ላስረክብ ነው፤
ማቀዝቀዣው ቀረ፣ ቆጥረን ያልጨረስነው።
ከላይኛው መደብ፣ ከበረዶው በታች፣
የወጣትነቴ እጅ ጽሕፈት አለች፦
«ደንቢያ፤ ላም፤ ቡሬ፤ ጆሮዋ የታጠፈ፤
አምስት ጊዜ ወልዳ፣ ስድስተኛው የጨነገፈ።»

እኩዮቼ ሁሉ ሰው ሊያክሙ ሲማሩ፣
«ትርንጎና ላሟ» እያሉ ሲያወሩ፣
እኔ በቦቲ ጫማ ረግረግ እያቋረጥሁ፣
ከጅራት ጫፍ ጸጉር ከነሥሩ ነቀልሁ፣
ከአንገት ደም ሥር ላይ መርፌ አስቀመጥሁ።
አንዷ ረግጣኛለች፤ የግራ አውራ ጣቴ
ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግራል ለአጥንቴ።
ጠዋት ስንወጣ ከጎንደር በአዘዞ፣
ሲራክ ሾፌራችን በረዶውን ይዞ፣
ማታ ስንመለስ ሣጥኑ ደም አርግዞ።

ሀ ሁ ሂን ስቆጥር ፊደሉ በዝቶብኝ፣
የኔታ በለበቅ ስንቴ ገረፉኝ፤
ላም ግን ተጽፋለች በአራት ሆሄ ብቻ፣
ከቀንድ እስከ ሰኮና፣ ቡሬም ሆነ ዳልቻ።
አራቷን ለማንበብ ዕድሜዬ አልበቃኝ።

አንድ ክረምት መብራት አራት ቀን ጠፋና፣
ነዳጅ የለም ተባለ፣ ደብዳቤ ተጻፈና፣
ደብዳቤው ማኅተም ፍለጋ ሄደና፣
የስምንት ዓመት ደም ሟሟ፣ ሸተተና፣
ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ። ማልቀሴን አላስታውስም።
ሲራክ ወደ መኪናው ሄደ፣ ምንም አላለም፤
የሳሙና ካርቶን፣ ውስጡ ፖስታ ሙሉ፣
በየፖስታው ጸጉር፣ ስሙ ከነውሉ፤
«ጸጉር መብራት አይሻም» አለኝ እየሳቀ፤
የሕይወቴ ችግኝ ከካርቶን ጸደቀ።

አያ ቢያድግልኝ ግን ካርታ አይፈልጉም፤
የላም ዘር ሲቆጥሩ ሰባት ቤት አይስቱም።
«የቡሬ እናት ወይኖ፣ የወይኖ እናት ሻሼ፣
ሻሼን ለእህቴ ማጫ ሰጥቼ፣ ኋላ የገዛኋት መልሼ።»
«አባቷስ?» «የራሴው ኮርማ፣ ጎሽሜ ነዋ!»
ጻፍሁት። ማን ይጠራጠራል፣ እንዲህ ባለ ጨዋ?

ካርታው ግን እንቢ አለ። ሦስት ጊዜ ደገምሁ፤
ከጎሽሜ ጋራ ቡሬን ባስተያይሁ
አንድም ቦታ አይገጥም። ፖስታውን አገላበጥሁ፤
አባቷን ከድንበር ማዶ፣ ከጠላት በረት አገኘሁ።

የአያ መኳንንት ኮርማ። የወሰን ነገር፤
ግማሽ ጥማድ መሬት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ችሎት ሲያዞር፤
ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም ነበር።
ያን ወረቀት ይዤ ሄድሁ፤ ሞኝ ነበርሁ፤
ኮርማ ሰው ያስታርቃል የሚል ተስፋ ያዝሁ።

አያ ቢያድግልኝ ዱላቸውን ተከሉ፤
ረግረጉን አዩ፤ «አውቃለሁ» አሉ።
«ሌሊት አጥር ጥሶ ሲገባ አይቻለሁ፤
ድንጋይ አንስቼ ነበር፣ መልሼ ጣልሁ።
ቡሬ ስትወለድ ግንባሯ የሱን ነው የሚመስል፤
ወተቷን ልጆቼ ጠጡ፤ ምን ልበል?
አንቺ ልጅ፣ ስሙን አትጻፊ፤ ማንም አያንብበው፤
እኔ ከሞትሁ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ ነው።»

ሳይንስ ስም አይሻም፣ ቁጥር ይበቃዋል፤
«ኮርማ አርባ አንድ» ተብሎ ካርታው ላይ ሰፍሯል፤
ሰው አገር፣ ጉባኤ ላይ፣ ጭብጨባ በልቷል።
ሁለቱም ሞቱ። አስቀድሞ መኳንንት፣
ቢያድግልኝ ደግሞ ያለፈው ዓመት።
ለቀብሩ ሄደው ነበር ወይ? አልጠየቅሁም።

ቁልፉን የምትረከብ ይታይሽ፣ ጎበዝ ናት፤
«ዶክተር፣ ይኼ መስመር፣ ወተት የበዛበት፣
ሁሉም የሚመለስ ወደ አርባ አንድ ነው፤ ወዴት ነው የሱ ቤት?»

ፖስታውን አወጣሁ፤ ጸጉሩ ጥቁር፣ ደረቅ፤
ከጥጉ ላይ በእርሳስ፣ ሲራክ፣ እኔ ሳላውቅ፣
አንዲት ነገር ጽፏል፣ ከትንኝ የደቀቀች።
«ምን ይላል?» እያለች ወደ መስኮት አስጠጋች።
«እኔንጃ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ መጣሁ» አልኋት።
አየችኝ።
መነጽሬ ግንባሬ ላይ ናት።